አብዱላን ያልተሸከምኩበት ቀን

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ ወደ ቤቴ የተመለስኩት በባጃጅ ነው። ባለባጃጁ የኋላውን ወንበር በሙዝ ቅጠል በተጠቀለለ ጫት ሞልቶት ኖሮ እኔን በተረፈችው ስንዝር ቦታ ላይ አጣበቀኝ። «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ» ይለኛል፤ ወዴት ልጠጋ፣ ወደ አስፋልቱ? ዝናብ እንደመታው የተቆረጠ ጫት የራሱ ሽታ አለው፤ የቅጠልም፣ የአፈርም፣ የእርጥብ ጆንያም ሽታ። እኔ እዚሁ አገር ተወልጄ እዚሁ ሳረጅ አንዲት ቀንበጥ አፌ ገብታ አታውቅም። ግን ያን ሽታ አውቀዋለሁ። የአብዱላ ሽታ ነው። ዓርብ ከሰላት በኋላ ቢሮአችን ሲገባ ይዞት የሚገባው ሽታ ነው።

አብዱላ ማነው ለምትሉ፣ የዕድሜዬን እኩሌታ አብሮኝ ያስተማረ ሰው ነው። እዚሁ ጭሮ፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ በምንላት ከተማ፣ የኮሌጁን የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ሁለታችን አንድ ክፍል ውስጥ ቆመን አስተምረናል። እሱ ሙስሊም ነው፣ የሐረርጌ ኦሮሞ፣ አባቱ የመቻራ ገበሬ። እኔ የዚሁ ከተማ ክርስቲያን ነኝ፣ አባቴ ልብስ ሰፊ። ከሁለታችን አንዱ ሲሞት ሌላው ሊሸከመው ቃል ተገባብተን ነበር። እሱ ቀደመ፣ እኔም አልተሸከምኩትም። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ እንደኔ ላለ ጡረተኛ የማይከለከል ሥራ ነው።

ያን ጊዜ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ዝቅ ብሎ ካለው ጥግ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ሰምቡሳ በስሙኒ፣ ሻይ በወተት በሽልንግ። ዛሬ ለአንድ ሰምቡሳ የምጠየቀውን ብር ያኔ ብሰጠው ባለቤቱ ሻይ ቤቱን አስረክቦኝ አገሩ ይገባ ነበር። ቴፑ ጠዋት የኦሮምኛ ዘፈን ይዘፍናል፣ ከሰዓት በኋላ አማርኛ፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ መንዙማ ብቻ። ቴፑ የካሴቱን ክር ሲበላ ባለቤቱ እስክርቢቶ ሰክቶ ያጠነጥነዋል፤ እሱ እያጠነጠነ እኛ የፈተና ወረቀት እናርማለን። አብዱላ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ካኪ ሳፋሪ ይለብሳል፣ ዓርብ ሽርጥና ነጭ ሸሚዝ። እኔ እግሩ የሰፋ ቴትረን ሱሪ ነበረኝ። «አቦ ይልማ፣ በዚህ ሱሪ ስታልፍ መንገዱ ይጠረጋል፣ ማዘጋጃ ቤት ደመወዝ ይቁረጥልህ» ይለኝ ነበር። ዛሬ ያ ጥግ ባንክ ሆኗል። ወረፋ ይዤ ስቆም ሻይ የምጠጣበት ጠረጴዛ የት ጋ እንደነበር በዓይኔ እለካለሁ፤ ጥበቃው ደግሞ ምን ያያል ይኼ ሽማግሌ ብሎ በጥርጣሬ ያየኛል።

ሁለት መምህር አንድ ክፍል ውስጥ የቆምነው ወደን አልነበረም። ትምህርቱ ሲጀመር ወላጆች ፈሩ። ከቦኬና ከበደሳ የመጡት ሙስሊሞች ልጆቻችንን ሊያጠምቁብን ነው አሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰፈር ያሉት ደግሞ ሊያሰልሙብን ነው አሉ። ሥራው ሰው ቤት መግባት ነዋ። የሰው ጓዳ ገብቶ፣ የተጣላውን፣ የታመመውን፣ የተራበውን ጠይቆ መውጣት ነው። ማን ማን ቤት እንደሚገባ ደግሞ እዚህ አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ የቤት ጉብኝት ትምህርቱን ሁለታችን አብረን እንድንሰጥ ተወሰነ፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያርመው ነበር ሐሳቡ። ሁለታችንም እየተሳሳትን፣ በተማሪው ፊት እየተራረምን፣ እየተሳሳቅን አስተማርን። ድሪያ የለበሱትም ነጠላ ያጣፉትም ልጃገረዶች አፋቸውን ሸፍነው ይስቁብን ነበር።

መጽሐፎቹ ከውጭ አገር የመጡ ናቸው፤ ስለ ሥጋ አንድ ቃል የላቸውም። እዚህ ግን ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ይህን ጡት የጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ታዲያ እንግዳ ሆነህ ሰው ቤት ስትገባ ምን ታደርጋለህ? ይህን ለማስተማር አንድ ዘዴ ፈጠርን። ተማሪዎቹን ሙስሊምና ክርስቲያን አድርገን እናጣምርና ወደ ገጠር እንልካለን። ክርስቲያኑ ከሙስሊም ቤት ያድራል፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያን ቤት። ሲመለሱ ያዩትን ለክፍሉ ይናገራሉ። ከጥንዶቹ ሁሉ የማልረሳቸው ጀማልና መስፍን ናቸው። ጀማል የአብዱላ የራሱ ልጅ ነው፤ መስፍን የቄስ ልጅ፣ ራሱም ዲያቆን። መቻራ ላክናቸው።

መስፍን ቤቷ ያደረባት ሴት ባሏ የሞተባት ምስኪን ናት፤ በግቢዋ ከሚርመሰመሱት አንዲት ዶሮ ብቻ የሷ ነበረች። ክርስቲያን እንግዳ መጣባት። እሷ ብታርድለት አይበላላት። ዶሮዋን በብብቷ ይዛ ክርስቲያን ጎረቤቷ ዘንድ ሄደች፣ ባልየው ባረከና አረደ፣ ሚስትየዋ በራሷ ድስት ሠራችው። ቀኑ ግን ረቡዕ ነው። የጾም ቀን! ጎረቤቶቹ ይሉኝታ ያዛቸው፤ ያቺ ሴት በእንግዳዋ ፊት እንዳታፍር ብለው ጾም ነው ሳይሏት ሠርተው ሰጧት። መስፍን ፊቱ ሲቀርብለት ምን ያድርግ? ሆዴን አሞኛል አለ። ሴትየዋ ደነገጠች፤ ሌሊቱን አብሽ ስታጠጣው አደረች፤ ዶሮውን ለሚቀጥለው ቀን አኖረችለት። ሐሙስ ጠዋት መኪናው ጡሩምባ እየነፋ፣ እሱ ቆሞ አጥንት ሲግጥ፣ ጀማል ከመኪናው መስኮት ላይ ሆኖ እየሳቀ ያየው ነበር።

ይህን ሲነግሩን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ውሸቱ ትክክል ነው አለ፣ ግማሹ እውነቱን መናገር ነበረበት አለ፤ ወደ ኦሮምኛ እየገቡ፣ ወደ አማርኛ እየወጡ ተጨቃጨቁ። እኔ ወደ መጽሐፉ ልመልሳቸው ስል አብዱላ በእጁ ዝም አሰኘኝ። «መብላቱንና አለመብላቱን ተዉት» አላቸው። «ያቺ ሴት ዶሮዋን ይዛ ስትሄድ የምታንኳኳው የክርስቲያን በር አላት። የእናንተ ሥራ ያ በር እንዳይዘጋ ነው። ሌላውን እየጠየቃችሁ ትደርሱበታላችሁ።» ከዚያ በኋላ ነው ጠይቁ ማለትን የትምህርታችን መጀመሪያ ያደረግነው። ትበላለህ ወይ፣ ትጠጪያለሽ ወይ፣ ጫማ ላውልቅ ወይ፣ ዛሬ ጾም ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰው ሲጠየቅ አይቀየምም አልናቸው። አሁንም ይህንኑ አምናለሁ፤ የሚሰማኝ ባይኖርም።

ባለቤቴ አበበች ስታርፍ ክረምት ነበር። የሰፈራችን እድር ያኔ አንድ ነው። ድስቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀይ ቀለም የተቀባው የክርስቲያን፣ አረንጓዴው የሙስሊም። ድንኳኑ ግን አንድ፣ ጥሩምባውም አንድ፣ ነፊውም በሁለት ቋንቋ እየለፈፈ ሰፈሩን ይዞራል። አብዱላ ከቤቴ ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሣጥኗን ከትከሻው አላወረደም። ሰዎች ተቀያየሩ፣ እሱ አልቀይርም አለ። ጭቃው ሳፋሪውን እስከ ጉልበቱ በልቶት ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የሱ ድርሻ እዚያ ድረስ ነው፤ መስፍን ቀረበና ከትከሻው ላይ ተቀበለው። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ «ይልማ፣ እኔ ስሞት አንተ ከራስጌዬ ያዝ። እግሬን ለሌላ ስጥ፣ እግሬ ይሸታል።» በዚያ ሐዘን ውስጥ አሳቀኝ። እኔ ብቀድምህስ አልኩት። «ያኔማ አንተን እኔ ምን ገዶኝ፣ ሥጋ የለህ፣ በአንድ እጄ አደርስሃለሁ» አለ። ሁለታችንም የቀለድን መስለን ነበር፤ ቀልድ ግን አልነበረም። ከዚያች ቀን በኋላ ጉንፋን እንኳ ሲይዘን ትተኸኝ እንዳትቀድም እየተባባልን ነው የኖርነው።

ከዚያ ሰው በሃይማኖት የተፈራራበት ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ስለሱ ብዙ አላወራም፤ ያየው አይቶታል። በእኛ ሰፈር እግዜር ይመስገን፣ አንድ ሰው በአንድ ሰው ላይ እጁን አላነሳም። ሰው ግን አቀማመጡን ለየ። ድንኳን ውስጥ ቀድሞ ተቀላቅሎ የሚቀመጠው ጎን ለጎን ሆነ፣ ጎን ለጎን የነበረው ፊት ለፊት ሆነ። በመጨረሻ የእድሩ አባላት እንድንሰበሰብ ተጠራን። መድረክ ላይ ወጥተው የተናገሩት እነማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጀማልና መስፍን። ሁለቱም የወረዳ ባለሙያ ሆነዋል፣ ሁለቱም ጨዋ፣ ሁለቱም አንደበታቸው የቀና። እንደ ድሮአቸው ተጣምረው ቆሙ። እድሩ ለሁለት ይከፈል አሉ። በጠብ አይደለም፣ በፍቅር ነው አሉ። «ማንም ማንንም ሳያስቸግር ሁሉም በየሥርዓቱ ይስተናገድ» አለ መስፍን። ጀማል ደግሞ ወደኛ እያየ፣ «ልዩነትን ማክበር ማለት ይኸው ነው፤ ከመምህሮቻችን የተማርነው ነው» አለ። ተጨበጨበልን። ሰው ዘወር ብሎ እያየን አጨበጨበልን። እኔ ተነስቼ ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጋሽ ይልማ ደግሞ ጀመሩ ተባለና እጅ ተቆጠረ። ድስቱን ለመከፋፈል ጊዜም አልፈጀባቸውም፣ ቀለሙን እኛው ቀብተን አዘጋጅተንላቸው ነበር። ድንኳኑ ለክርስቲያኑ ደረሰ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ለሙስሊሙ። ጥሩምባውን የፈለገው አልነበረም። ከእንግዲህ መልእክቱ በስልክ ነው አሉ፣ ሁሉም በየቡድኑ።

አብሬው ወደ ቤት ስሄድ አብዱላ ከወትሮው በላይ ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው። ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ብቻ፣ «ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው እኮ ይልማ፤ አንድም ሰው አላስቀየሙም» አለኝ። እንደዚያ ቀን ተሰብሮ አይቼው አላውቅም። ልጁ ነው፤ ልጁን ምን ይበለው? እኔ መስፍንን መስደብ እችላለሁ፣ ሰድቤውማለሁ። አብዱላ ግን ማታ ከጀማል ጋር አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣል።

አሁን ኮሌጁ ውስጥ ያንኑ ትምህርት የሚሰጠው አንድ ወጣት መምህር ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ ሁሉን ነገር ግድግዳ ላይ በብርሃን ያሳያል። አንድ ቀን ለተማሪዎቹ ልምድ ያካፍሉልኝ ብሎ ጠራኝ። ገብቼ ሳይ ሙስሊሞቹ በመስኮቱ በኩል፣ ክርስቲያኖቹ በበሩ በኩል ተቀምጠዋል። ማንም ያዘዛቸው የለም። ለልምምድ ሲወጡም ሙስሊሙ ሙስሊም ቤት፣ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ቤት ነው የሚገባው። አንዷን ልጅ ከሌላው ሃይማኖት ሰው ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። አላውቅም ቲቸር፣ ሰዎቹን ላለማስቸገር ብዬ ነው አለችኝ፤ በትሕትና ነው ያለችው። የመቻራዋን ዶሮ ነገር ነገርኳቸውና ሳቁ። የሳቁት ግን ተረት እንደሰማ ሰው ነው። ስወጣ እግሬ ከብዶኝ ነበር።

አብዱላ ጉልበቱ ሲደክም ጀማል በሥራ ወደ ተዛወረበት በደሳ ወሰደው። መጀመሪያ በሚኒባስ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር፤ ያ መንገድ ወገብ ይቆርጣል፣ ግን ስደርስ የመንገዱን እረሳለሁ። በኋላ እኔም ወገቤ እምቢ አለና በየዓርቡ ስልክ ሆነ። ጆሮው ሲከብድ ስልኩ ጩኸት ብቻ ሆነ፤ እኔ እዚህ እጮሃለሁ፣ እሱ እዚያ ይጮሃል፣ የተባለውን የሚሰሙት ጎረቤቶቻችን ናቸው። የመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ቃል «መቼ ትመጣለህ» የሚል ነው። ዝናቡ ያባራ እንጂ እመጣለሁ አልኩት። ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም።

አንድ ማለዳ መስጊዱ አጠገብ ካለው ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ሶሌን አሰፋለሁ። ሰው የሞላበት አይሱዙ መጣ። ሁሉም ነጭ ነጭ የለበሱ፣ የማውቃቸው የሰፈሬ ሰዎች ናቸው። እጄን አነሳሁላቸው። እነሱም አነሱልኝ፤ አንዱማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። ኒካህ አለ መሰለኝ። ጫማ ሰፊውን ደስ ይላል፣ ሰርግ በዛ ዘንድሮ አልኩት። መኪናው ወደ በደሳ መንገድ ታጥፎ ሄደ። ወደ አብዱላ ቀብር ነበር የሚሄዱት። በእጄ ሰላም ብዬ ሸኘኋቸው።

የሰማሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አንዲት የማውቃት ጫት ነጋዴ መንገድ ላይ ያዘችኝ፤ ፊቷን አክብዳ፣ «ጋሽ ይልማ፣ አላህ ያጽናዎት። የአብዱላ ቀብር መንገዱ ሁሉ ሰው ነበር አሉኝ። እርስዎ መቼም ከፊት ነበሩ» አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ።  ምን ልበላት? አልጠሩኝም ልበላት? «አዎ፣ መንገዱ ሁሉ ሰው ነበር» አልኳት። ከዚያ ቀጥታ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ቤቴ ተመልሼ ኮት እንኳ አልደረብኩም። ሰርግ ሲጠሩህ ነው፣ ለቅሶ ስትሰማ ነው፤ እኔ ግን ሳልሰማ ያለፈኝ ለቅሶ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በመንገዱ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ ረዳቱ ያውቃል። ሂሳብ ሳይቀበለኝ አለፈ።

በደሳ ስደርስ ጀማል ሮጦ ተቀበለኝ፣ ትከሻዬን ሳመ፣ አለቀሰ። ውሸት የለበትም ልጁ። ንጹሕ የፕላስቲክ ወንበር አመጣና ከሰው ትንሽ ፈንጠር አድርጎ አስቀመጠኝ፤ የታሸገ ለስላሳና የታሸገ ብስኩት አቀረበልኝ። የታሸገ ነገር ጥያቄ የለበትማ፤ ማንም ጎረቤት ሄዶ በር አያንኳኳም። መስፍንም በስልክ የሐዘን መልእክት ልኮ ነበር፤ ጀማል አሳየኝ፤ ጥሩ አማርኛ ነው። ለምን አልጠራኸኝም አልኩት። «ጋሼ፣ ወላሂ አስቤዎታለሁ። ግን የማያውቁዎት ወጣቶች አሉ፣ አንድ ነገር ቢሉዎትስ ብዬ ሰጋሁ። ወገብዎም እንደዚያ ነው። እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው» አለኝ።

«አባትህስ ምን አለ?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ።  «በመጨረሻው ላይ ይልማ ደረሰ ወይ፣ ይልማ ደረሰ ወይ ይል ነበር። ሕመሙ ነው የሚያስለፈልፈው አልን» አለኝ።

ሌላ አልጠየቅሁትም። መቃብሩን አሳዩኝ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ራስጌው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅሁና በዚያ በኩል ቆምኩ። ምን ይደረጋል ሰው ከተቀበረ በኋላ ራስጌው ጋ ቆሞ? ትከሻዬን አየሁት፤ ባዶ ነው፤ ኮት እንኳ የለበትም። በማግሥቱ ተመለስኩ።

ልጄ ሰናይት ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ያን ሰሞን ምግብ እምቢ ስላት ምን ሆነሃል እያለች ታስጨንቀኝ ነበር፤ እኔም ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ከጨረሰች በኋላ አጠገቤ አስቀመጥኳት። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ቀኔ ሲደርስ ለጀማል ደውዪለት፣ ለሰፈራችን ሙስሊሞችም በየቤታቸው ሄደሽ ንገሪያቸው፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እነሱ ይሸከሙኝ አልኳት። እሺ አባዬ አለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ እያሻሸች፣ «ግን አባዬ፣ ሰዎቹን አናስቸግራቸውም?» አለችኝ።

«አስቸግሪያቸው» አልኳት። «እባክሽ ልጄ፣ አስቸግሪያቸው።»